የፊደል ለቃሚው ሾርባ

ውድ አባቴ ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ዳገቱን እሺ ይላል ወይስ አሁንም ያጉረመርማል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። በስልክ እንዳላወራዎ ጆሮዎ ቃሉን እየዋጠ አስቸገረን፤ ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት መጣሁ። የፊደል ግድፈት ቢያገኙ ግን ቀዩን እስክሪብቶ እንዳይመዙብኝ፣ አደራ!

ቤተ መጻሕፍታችን አዲስ ሥራ ይዟል። የአገራችን የምግብ አሠራር መጻሕፍት ታሪክ የሚነገርበት ድረ ገጽ ልናዘጋጅ ነው። ገና ዕቅድ ላይ ነን። ምድር ቤት ባለችው ክፍል ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ መጻሕፍቱን ዘርግተን ስንከራከር እንውላለን፤ ዘይት የጠጣው አለ፣ ገጹ በሊጥ የተጣበቀ አለ፣ ሽፋኑ በመርፌ ክር የተሰፋም አለ። የኮምፒውተሩን ነገር የያዘልን ልጅ (ጸጉሩ ማበጠሪያ ስለማያውቅ «ጨብሬ» እንለዋለን) በዘመናቸው እንደርድራቸው ይላል። አለቃችን ደግሞ በደራሲ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች።

ከመጻሕፍቱ መካከል ቢጫ ሽፋን ያላትን ሳይ ልቤ ዘለለ። እርስዎ የእርሳስ ፊደሏን ለኅትመት አንድ በአንድ ለቅመው የደረደሩላት መጽሐፍ ናት! ያ ዘመን መጣብኝ። ከማተሚያ ቤት ሲመለሱ ሳሙና የማያስለቅቀው የእርሳስ ጥቁረት ጣትዎ ላይ፣ እማማ ታማ ከመጋረጃው ጀርባ፣ እርስዎ የእሷን ሽርጥ አገልድመው የሾርባውን ድስት አጎንብሰው ሲያዩ። ሦስታችንም ልጆችዎ አባባ ከተወለደ ጀምሮ ምግብ መሥራት ያውቃል ብለን እናምን ነበር።

የመጽሐፏን ደራሲ አፈላልገን አገኘናቸው። ባለፈው ሳምንት በከዘራ ተደግፈው መጡልን። ጨብሬ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይህቺ መጽሐፍ ለምን ለጀማሪ እንዲህ ቀለለች ብሎ ጠየቃቸው። ሳቅ አሉና እንዲህ አሉን፦

«ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ፊደል ለቃሚ ነበር። ‹እትዬ፣ ሾርባው ላይ ሽንኩርቱ እስኪበስል ይላል፤ መብሰሉን የማያውቅ ሰው በምን ይለየው?› አለኝ። ተናድጄ ‹አንተ ምን አገባህ? ፊደልህን ልቀም!› አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ‹ሚስቴ ተኝታብኛለች፤ ልጆቹ ገና ናቸው፤ እኔ ውሃ ከማፍላት ሌላ አላውቅም› አለኝ። ወረቀቴን ሰብስቤ ቤቴ ገባሁና ሁሉንም ለእሱ ብዬ እንደገና ጻፍኩት፤ ሽታውን፣ ቀለሙን፣ የሚንጣጣበትን ድምፅ ሳይቀር። ሰው የወደደልኝም ይህንኑ ነው።»

አባባ፣ «ያ ሰው አባቴ ነው» አልኩ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሚስቱ ተነሣች?» ብለው ነው። «ተነሥታ ሁላችንንም ድራ ኩላ ነው ያረፈችው» አልኳቸው። እንባቸውን ጠረጉና «ሾርባውስ?» አሉኝ። ምን እዋሻለሁ፣ «ውሃ ውሃ ይል ነበር፤ እኛ ግን ድገመን ብለን እናለቅስ ነበር» ስላቸው ከልባቸው ሳቁ።

ለምን እንዳልነገሩን አልጠይቅዎትም። እማማ ከመጋረጃው ጀርባ እየሰማች እንዳትሳቀቅ ብለው እንደሆነ አሁን ገባኝ።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። አምና ስለ መጽሐፏ ስጠይቅዎት «እኔ ለቃሚ እንጂ ደራሲ አይደለሁም» ብለው በር ዘጉብኝ። አሁን ደግሞ ደራሲዋ «እሱ ካልተናገረ እኔም ለድረ ገጹ ድምፄን አላስቀዳም» ብለዋል፤ አለቃችንም ተስማምታለች። እሳቸውም እርስዎም ዕድሜ ተጭኗችኋል፤ ነገ የማን ናት? ወንድሜ ታሪክዎን በስልኩ ይቅዳልኝ። እባክዎ አባባ፣ እምቢ አይበሉኝ።

እህት ዓለሜን ከነልጆቿ ይሳሙልኝ። ወንድሜንና ሚስቱን ናፍቀሻቸዋል... ኧረ ናፍቃችሁኛል ይበሉልኝ፤ አዩ፣ ግድፈቱ ይኸው መጣ! ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ ዓይናቸው እንደምን ሆነ? ሰላም ይበሉልኝ።

ደራሲዋም ሰላምታ ልከዋል። «መጥቶ የሠራሁትን ይቅመስ፤ ያልገባው ነገር ካለም ዛሬ አልቆጣውም በይው» ብለውኛል።

ልጅዎ

ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን