አራቱን ዲስኮች በተራቸው እንድሰካ ለጠሩኝ የኬላ ኃላፊ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ሰኔ 2008 እ.ኤ.አ.

በሶሎሎ መንገድ ላይ ላለው ኬላ ክቡር የፍተሻ ኃላፊ፤

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ከሰው ዕቃ ላይ የማይነሳው ዓይንዎ ደህና ነው ወይ? እኔ፣ ባይጠይቁኝም፣ ከእንቅልፍ በቀር ያጣሁት የለም፤ እሱም ቢሆን ከሳጥኔ ጋር እርስዎ ዘንድ ሳይኖር አይቀርም።

በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጽፌልዎ ነበር፤ መልሱ ዝምታ ሆነ። ቀጥዬ በስዋሂሊ ጻፍኩ፤ መልሱ በሞተር ብስክሌት መጣ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ቆመ፣ ሶዳ ገዛ፣ አልሄደም። አብራኝ የምትሠራው ካልቶማ ጠዋት ጠዋት መዝጊያውን ስትከፍት "ምንታምር፣ የሰውዬሽ ሶዳ ዛሬም አላለቀችለትም" ትለኛለች። እንስቃለን። ስቀን ስናበቃ ካልቶማ መዝጊያውን መልሳ ገርበብ ታደርገዋለች። ስለዚህ ሦስተኛውን ደብዳቤ በአማርኛ፣ ለገበያው ሁሉ ጻፍኩት፤ ብዙ ሰው ደብዳቤውን ያነበበለት ሰው በቀላሉ አይጠፋም ብዬ። ይህ ተስፋ እንጂ እውቀት አይደለም።

ለማያውቁኝ፦ ሰርግ በቪዲዮ እቀርጻለሁ። ከሰርጉ ጎን ለጎን ደግሞ ከኡራንና ከጎዶማ የመጡ እናቶች ካሜራዬ ፊት ተቀምጠው፣ በውሃው ጉድጓድ ላይ ጠብ የተነሳ ጊዜ ማን ጠመንጃ እንዳደለ፣ ማን ቆሞ እንዳየ ይነግሩኝ ነበር። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነሱ በሕይወት ሳሉ ማንም እንዳይሰማው። የኮምፒውተሬ ሆድ ሞላ። ወይ ሙሽራ ማጥፋት ነበረብኝ፣ ወይ እናትን "ይበቃሻል" ማለት። ሁለቱንም አልቻልኩም፤ ስለዚህ የሎሪ ሹፌሩ ጎልቻ አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ሳጥን ከናይሮቢ አመጣልኝ። አራቱ እንደ አንድ ሆነው ይሠራሉ። እያንዳንዱ ቃል ተቆራርጦ በአራቱ ላይ ይበተናል፤ በተራቸው ሲገቡ ብቻ ሰው ይናገራል። አንዱ ከጎደለ ወይም ተራው ከተዛባ ምንም የለም።

ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ከተባለ፣ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሳጥኑን ሶሎሎ ላለች ወዳጄ በአደራ ስልክላት፣ የኬላ ጠባቂዎችዎ ከጎልቻ ሎሪ ላይ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ስላወረዱት፣ በተለይም ብርድ ልብሱን ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ጎልቻ "የሰርግ ቪዲዮ ነው" ቢላቸው አንደኛው በእጁ መዘን አድርጎ "ሰርግ ይህን ያህል ይከብዳል?" አለው አሉ። "የሞያሌ ሰርግ ነዋ፣ ወንድሜ፤ ያልተጠራም ይመጣል" ብሎ መለሰ ጎልቻ። ለዚህ መልሱ ፀሐይ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ቀልድ እንደማይገባዎ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር።

ሁለተኛ፤ አራቱን ዲስኮች አውጥተው፣ እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ አድርገው፣ ለአራት ቢሮ ስላከፋፈሉ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ተራቸውን የጻፍኩባቸውን ትንንሽ ወረቀቶችም ልጠው ጥለውልኛል። ያን ሰሞን ተኝቻለሁ። እውነቴን ነው። ማንም ቢሮ ከጎረቤቱ ቢሮ ጋር እስካልተስማማ ድረስ ማንም እናት አትታወቅም ብዬ፣ በመሥሪያ ቤቶቻችሁ መኮራረፍ ላይ ጭንቅላቴን አሳርፌ ተኛሁ።

ሦስተኛ፤ ታዲያ ተስማማችሁ። የኮምፒውተር ባለሙያዎ ብራያን ዲስኮቹን ከየቢሮው ሰብስቦ ሳጥኑ ውስጥ መለሳቸው፤ እያቀያየረ ሲሰካቸው ሰነበተ፤ ሳጥኑም ዝም አለ አሉ። ይኼኔ የእርስዎ መልእክተኛ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ደብዳቤዎን በእጄ መስጠት ሲችል፣ በገበያ ቀን በራፌ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ "የሴቶቹን ቃል የያዘውን ዕቃ ሰኞ ቀርበሽ፣ በፊታችን በተራው ሰክተሽ፣ ከፍተሽ ካሳየሽ በኋላ ንብረትሽን ትረከቢያለሽ።" ድምፁ ጥሩ ነው። ቲማቲም ሻጮቹ ሳይቀሩ ሰምተውታል። የሴቶች ቃል መኖሩን ያላወቀ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ አወቀ። ሶዳ የሚጠጣውም ሰው በሞተሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

አራተኛ፤ ይህኛው ቅሬታ አይደለም። ምን እንደምለው አላውቅም። በማግስቱ ከእናቶቹ አንዷ መጣች፤ ስሟን አልጽፍም፣ ቀዬዋንም አልጽፍም። "ድምፄ እነሱ ዘንድ አደረ አሉ፤ ምን አበሉት?" አለችኝ። ልስቅ ፈለግሁ። ከዚያ ዝቅ ብላ "ድምፅ ብቻ ነው ወይስ ፊትም አለው?" ብላ ጠየቀች። ፊትም አለው አልኳት። አልወቀሰችኝም። ሻሿን ከራሷ ላይ ቀስ ብላ ሳበችና ፊቷን ሸፈነች፤ እዚያው፣ በእኔ ሱቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ካሜራው በሌለበት። ተሸፍና ወጣች። ሰውየው ሶዳውን አስቀምጦ አቅጣጫዋን ሲያይ አየሁት። ከዚያ ወዲህ በራፉ በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ መብራቱን አጠፋለሁ።

እንግዲህ ስለ ሰኞ። ሳጥኔን እፈልገዋለሁ። ዓመታት የለፋሁበት ሥራ እዚያ ውስጥ ነው። በዚህ አጋጣሚ ሰርጋችሁን በአደራ የሰጣችሁኝ ሙሽሮች ሁሉ፣ ዛሬ የልጆች እናትና አባት ብትሆኑም፣ ይቅርታችሁን እለምናለሁ፤ ጭፈራችሁን አላስመልስላችሁም። ክቡርነትዎ እኔን ለማስፈራራት ድካም ሳይሰማዎ ደክመዋልና፣ ፍርሃትም የሰውን ትዝታ እንደሚበላ የታወቀ ነውና፣ አንደኛው ዲስክ የትኛው፣ አራተኛው የትኛው እንደነበር ፈጽሞ መርሳቴን በደስታ እገልጽልዎታለሁ። ብቀርብም ረስቻለሁ። ፀሐይ ላይ ብቀመጥም ረስቻለሁ። ነገ ሱቄ ተዘግቶ ካልቶማም ያለሁበትን ካጣች፣ የረሳሁትን ሊያስታውሱኝ እርስዎ እንደወሰዱኝ ይህን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ሳጥኑን ለክቡርነትዎ በነፃ ትቻለሁ፤ ወረቀት ቢጭኑበት ነፋስ አይወስድብዎትም።

ከላቀ አክብሮት፣ ከማይቋረጥ ትሕትና፣ እየተመላለስኩ ከምፈትሸው የበራፌ ቁልፍ ጋር፣

የእርስዎ ታዛዥ ነዋሪ
ምንታምር ዳባ
የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ፣ ሞያሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህቺ ለብራያን ናት፤ ክቡርነትዎ ባያነቧት ይሻላል። ብራያን አማርኛ ስለማያነብ ሻይ ቤት ያገኘው ሰው ይተርጉምለት። ወንድሜ ብራያን፣ ዲስኮቹን እያቀያየርክ ስትሰካ አንድ ቀን ኮምፒውተሩ "ይህ ዲስክ አልተዘጋጀም፤ አሁን ላዘጋጀው?" ብሎ ይጠይቅሃል። ሲያዘጋጅ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል፤ ታውቀዋለህ። ማሽን ከአለቃህ በአንድ ነገር ይሻላል፤ ከማጥፋቱ በፊት ያስፈቅዳል። አንተም እናት አለችህ። አዎ በለው።