መጨረሻ ያደረግኩት መስመር

ሰኞ፣ የካቲት 4

የጥገና ቅደም ተከተል ዝርዝሩ አለቀ! ዛሬ ለመብራት ኃይል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስረከብኩ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ብዬ የቆቦን አካባቢ የመብራት መስመር እንደ መረብ ስዬዋለሁ፤ ትራንስፎርመሩ ነጥብ፣ ሽቦው ክር። ኮምፒውተሩ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እያጠፋ፣ ስንት ሌላ ነጥብ አብሮ እንደሚጨልም ይቆጥራል። ብዙ የሚያጨልመው ቀድሞ ይጠገናል። የጎብዬ መገንጠያ አንደኛ ወጣ። መጨረሻ የወጣው ከሮቢት በታች ወደ መስኖ ጉድጓዶቹ የሚሄደው ቅርንጫፍ ነው። ጫፍ ላይ ስለሆነ ከእሱ ወዲያ የሚጨልም የለም።

ጋሽ ሰይድ፣ መስመሩን በእግራቸው ሲዞሩ ያረጁት ሠራተኛ፣ ወረቀቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ የጉድጓዱ መንገድ ላይ ያለውን ምሰሶ ከሥሩ ምስጥ በልቶታል። ስነካው ይወዛወዛል። እሱን አስቀድሚው።"

"የምሰሶ ሁኔታ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም፣ ጋሽ ሰይድ" አልኳቸው። ትንሽ የከፋቸው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ 5

ቡድኑ ጎብዬ ላይ ሥራ ጀመረ። በእኔ ዝርዝር! ኃላፊው በሠራተኛው ሁሉ ፊት አመሰገኑኝ። እናቴ ሰምታ ለጎረቤት ስታወራ ዋለች። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ጋሽ ሰይድን ላናግራቸው አስቤ ነበር፤ ረሳሁት።

ሐሙስ፣ 7

ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። አቧራው የዋጃን መንገድ ሸፈነው።

ምሰሶው ወደቀ። ያው ምሰሶ። ሽቦው ተበጠሰ፣ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ፣ ሦስቱም የጉድጓድ ፓምፖች ቆሙ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

ኃላፊው ቢሮ ጠሩኝ። "ስለዚህ ምሰሶ የነገረሽ ሰው ነበር?"

"የለም።"

እንዲህ ነው ያልኩት። ሳላስበው አመለጠኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። አስቤበት ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን አሰብኩ፣ የማክሰኞውን ምስጋና አሰብኩ፣ ከዚያ "የለም" አልኩ።

ዓርብ፣ 8

ማሳው ድረስ ሄድኩ። ሽንኩርቱ ራስ የሚይዝበት ጊዜ ነው። የእናቴ የገበያ ወዳጅ እትዬ ፋጡማ ከሩቅ አወቁኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ የኛ ልጅ መጣችልን!" መስመሩን ላሠራላቸው የመጣሁ መስሏቸው ነው። የወንዙን አሸዋ ቆፍረው፣ በጀሪካን እየቀዱ፣ የቻሉትን ያህል መደብ ያጠጣሉ። የመስኖ ተራቸው ሐሙስ ማታ ነበር፤ ማሳው ሳምንት ሙሉ ውሃ ስላላገኘ የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኗል።

"መብራቱ መቼ ይመጣል?"

"ትራንስፎርመር ከደሴ እየጠበቅን ነው።"

ይሄ እውነት ነው። ሌላውን አልነገርኳቸውም። ስሄድ ግንባሬን ሳሙኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ይህ ሁሉ ማሳ አንድ ነጥብ ነው።

ቅዳሜ፣ 9

የባሰው መጣ። ጋሽ ሰይድ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ። ምሰሶው መበላቱን አላሳወቁም ተብሎ። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ወራት ነው።

ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። "ለእኔ መንገርዎን ለምን አልተናገሩም?"

"ምስክር የለኝ። መናገር ያለብሽ ደግሞ አንቺ ነሽ" አሉና ሽቦ መጠቅለላቸውን ቀጠሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ምሳ አልበላሁም። እናቴ ጨጓራሽ ነው ወይ ትለኛለች።

እሑድ፣ 10

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከበር ተመለስኩ።

ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። በዚህኛው ላይ የእያንዳንዱን መስመር ምሰሶ ሁኔታ አስገባሁ፣ በመስመሩ ማን ውሃ እንደሚያገኝ፣ ሲቋረጥ ሌላ መንገድ እንዳለውና እንደሌለው። የጉድጓዱ ቅርንጫፍ ከመጨረሻ ወደ አንደኛ መጣ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ከባድ ቢሆን ኖሮ ምክንያት ይኖረኝ ነበር።

ትራንስፎርመሩ ደርሷል አሉ።

ሰኞ፣ 11

ጻፍኩት። ሁለት ገጽ አበላሽቼ፣ ሦስተኛው ላይ አጭር ሆኖ ወጣ፦ ጋሽ ሰይድ ነግረውኝ ነበር፤ ንቄ ተውኩት፤ ስጠየቅም ዋሸሁ። ፈርሜ ለኃላፊው ሰጠሁ። ደጋግመው አነበቡት።

"ግልባጩ ለዩኒቨርሲቲሽ ይሄዳል።"

"ይሂድ።"

"የሰይድን ደብዳቤ ግን እኔ ብቻዬን አላነሣውም። የበላይ አለቆችን ነው የምጠይቀው።"

አዲሱ ምሰሶ ቆመ። ከቀትር በኋላ ፓምፖቹ ተነሡ።

ማክሰኞ፣ 12

ጠዋት እትዬ ፋጡማ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሽንኩርታቸው ከግማሽ በላዩ ሄዷል። ጭቃ የያዘ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ሰሙኝ። "እኔ ለእናትሽ አልነግራትም" አሉ። "አንቺው ንገሪያት።" ዛሬ ግንባሬን አልሳሙኝም።

ለእናቴ ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ የጻፍኩትን ግልባጭ ለጋሽ ሰይድ ወሰድኩላቸው። ከመስመር ሠራተኞቹ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ኪሳቸውን ዳበሱ። "መነጽሬን አልያዝኩም። አንብቢልኝ።"

በሁሉም ፊት ቆሜ አነበብኩ። "ንቄ ተውኩት" የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

"አልሰማሁም" አሉ። "ድገሚው።"

ደገምኩት። እስከ ፊርማዬ አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው በአራት አጠፉና ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ወይስ ቆሜ አይተው አሳዝኛቸው፣ አላውቅም። ተቀመጥኩ።