ለባለ ኤሊው ፋብሪካ፦ ስላላንኳኳነው ድንጋይ

ለባለ ኤሊ ምልክት የቤትና የእጅ ዕቃዎች ፋብሪካ
ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይም ሁለቱ ዓይኖችዎ ደህና እንዲሆኑና ጠዋት ሲነቁ ሁለቱም እኩል እንዲከፈቱልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ። ሦስት ጊዜ በፖስታ ልኬ መልስ ያገኘሁት ለአንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን ያሸግሁት በፋብሪካዎ ሙጫ ስለነበር፣ መንገድ ላይ ተከፍተው ተበትነው ይሆናል ብዬ ነው።

እኔ ቢላዋና መቀስ ስዬ የማድር ሰው ነኝ። ጋሼ ከምለው ታላቅ ወንድሜ ጋር ከአባታችን በወረስናት፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ በሚጠብቅባት አንዲት ክፍል ውስጥ የሥጋ ቤቱን ቢላዋ፣ የልብስ ሰፊዋን መቀስ፣ የአናጢውን መላጊያ ስንስል ኖረናል። የእርስዎን ኤሊ አባታችን በአረንጓዴ ቀለም በራችን ላይ አሳምሮ ስሏት ነበር። ማንም አልለመነውም፤ ዕቃችሁን ስለወደደ ብቻ ነው። እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ባቀርብ ለንባብ ይመችዎታል ብዬ አምናለሁ።

፩ኛ/ ማንቆርቆሪያዎ። የድሮው ማንቆርቆሪያችሁ እናታችንን ቀብሮ እስከ ዛሬ ውሃ ያፈላል። አዲሱን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በእኔ ምክር ገዛችው። በሦስተኛው ሳምንት እጀታው እጇ ውስጥ ቀርቶ የፈላው ውሃ በሙሉ ጭኗ ላይ ወረደና፣ ቀሚሷን ስናወልቅላት ቆዳዋ አብሮ ተላጠ። እጀታው ግን አንዳች አልሆነም፤ ስለ ጥንካሬው ሳላመሰግንዎ አላልፍም። ሴትዮዋ ዛሬም በደጃችን እያነከሰች ስታልፍ፣ «እስቲ ደግሞ ምን ግዢ ትለኛለህ?» ትለኛለች። እኔም ያልሰማሁ መስዬ አቀርቅሬ እስላለሁ።

፪ኛ/ መሰላልዎ። ስለዚህ እኔ ብዙ አልጽፍም። ከላዩ የወደቀው ቀለም ቀቢ ራሱ ሊጽፍልዎ አስቧል፤ የቀኝ እጁ ሁለት ቦታ ስለተሰበረ ጥቂት ይታገሡት።

፫ኛ/ የዋስትና ወረቀትዎ። ከዕቃው ይልቅ ወረቀቱ እንደሚወፍር ሳልመሰክር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። በሙቀት፣ በእርጥበት፣ በመውደቅና «በአጠቃቀም» ለሚደርስ ጉዳት ዋስትናው እንደማያገለግል በሚያምር ፊደል ተጽፎበታል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያውን ያለ እሳትና ያለ ውሃ፣ መሰላሉንም መሬት ላይ አጋድሞ ለሚጠቀም ሰው ፋብሪካው እስከ መጨረሻው ከጎኑ ይቆማል ማለት ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለውን ያለ እርስዎ ወረቀት በደንብ አልተረዳሁትም ነበር።

፬ኛ/ ድንጋዩ። በሞተር የሚዞር የመሳያ ድንጋይ ስንጥቅ ካለው፣ ሲፈጥን ይፈነዳል። ስለዚህ የእኛ ሙያ ሰው አዲስ ድንጋይ ከመግጠሙ በፊት በገመድ አንጠልጥሎ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያደርገዋል። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው የእንጨት ድምፅ ይሰጣል። አባታችን የማንንም ድንጋይ ሳያንኳኳ ገጥሞ አያውቅም፤ ከእርስዎ በቀር። የእርስዎን ለስንት ዓመት ሲያንኳኳ ኖሮ አንድም ቀን የእንጨት ድምፅ ስላልሰማ፣ በመጨረሻ «ኤሊን ማንኳኳት ነውር ነው፤ የወዳጅ ኪስ አይፈተሽም» ብሎ ተወው። ይህም ለቤታችን ሕግ ሆነ። በድንጋዩ ወረቀት ላይ «ተፈትሾ የወጣ» የሚል ማኅተም ስላለበት፣ እኛ ደግሞ የፈተሸ ሰው ያለ መስሎን ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ አዲስ ድንጋይ ከካርቶኑ አወጣና በመዳፉ መዘን መዘን አድርጎ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ነገር ቀለለኝ» አለ። ገመዱንና መዶሻውን አነሣ። እኔ ሳቅሁበት። «ኤሊን ልታንኳኳ ነው እንዴ ጋሼ? አባባ ይታዘብሃል እኮ» አልሁት። እሱም አፈረና መዶሻውን መልሶ አስቀመጠው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የእኔ የሆነው ጥፋት ይህ ነው፤ ለእርስዎም አላካፍልዎም፤ ብቻዬን እይዘዋለሁ።

የሥጋ ቤቱ ቢላዋ ገና ሲነካው ድንጋዩ ሦስት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ቁራጭ የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀድዶ ወጣ። ሁለተኛው በጆሮዬ ሥር አልፎ የግድግዳውን ልስን አፈረሰ። ሦስተኛው በጋሼ ቀኝ ዓይን ገባ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው የሚጮኽ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ፊቱን በእጁ ይዞ፣ ደሙ በጣቶቹ መካከል እየወረደ፣ «ሞተሩን አጥፋው፤ ያንተንም እንዳይጨምር» አለኝ በቀስታ። አጥፍቼ ስመለስ መዳፉን አነሣ። ዓይኑ የነበረበት ቦታ ላይ የነበረው ነገር ዓይን አልነበረም።

ሐኪሙ ግራው እንደሚተርፍ ነግሮናል። ሆኖም በአንድ ዓይን ቅርብና ሩቅ አይለይምና፣ ቢላዋን ከድንጋይ ማገናኘት ለጋሼ ቀረ። ትናንት ሻይ ልቅዳ ብሎ ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ጨርቅ ፈልጎ ጠረገ። እኔ ደጅ ወጥቼ አለቀስሁ፤ ካለቀስሁ በኋላም እርስዎን አሰብሁ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ደኅንነትዎ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። እርስዎን የመደብደብ ሐሳብ የለኝም። ነበረኝ፤ በየትኛው እጄ ኮሌታዎን እንደምይዝ፣ በየትኛው ጥርስዎን እንደማወርድ፣ ስንተኛው ላይ እንደማቆም ሁሉ በዝርዝር አስቤዋለሁ። ያስጣለኝ ጋሼ ነው። «እጅህን ትሰብራለህ፤ አሁን የቀረን ያንተ እጅ ነው» አለኝ። ስለዚህ ጥርሶችዎ በጠቅላላ የታላቅ ወንድሜ ስጦታ መሆናቸውን አውቀው ሲያኝኩ ያስታውሱት።

፭ኛ/ መልስዎ። ከሦስቱ ደብዳቤዎቼ ለአንዱ የሰጡኝ መልስ እንዲህ ይላል፦ «ተጠቃሚው ድንጋዩን ከመግጠሙ በፊት አንኳኩቶ መፈተሽ ነበረበት።» ደጋግሜ አነበብሁት። ከፋብሪካዎ በቅርብ ጊዜ የወጣ ስንጥቅ የሌለበት ነገር ቢኖር ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ያላችሁት ልክ ነው፤ ሊያንኳኳ መዶሻ ያነሣውን ሰው ግን ያሳፈረው የእናንተ ስም ነበር።

ምክርዎን ተቀብዬ ገመድና መዶሻ ይዤ ድንጋዩን ወደ ገዛንበት ሱቅ ሄድሁ። በካርቶናቸው ላይ ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ያለባቸውን ዐሥራ አራት ድንጋዮች አንድ በአንድ አንኳኳሁ። ዘጠኙ ጮኹ፤ አምስቱ የእንጨት ድምፅ ሰጡ። አምስቱን ለይቼ ባለሱቁን ባሳየው፣ «ወንድሜ፣ ገበያዬን አትዝጋብኝ፤ ኤሊ እኮ ነው» ብሎ ትከሻዬን ይዞ አስወጣኝ። የተናገረኝ እኔ ራሴ ለጋሼ የተናገርሁትን ነበር። ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ አምስቱ ከዘጠኙ ጋር ተቀላቅለው መደርደሪያው ላይ አሉ። ምናልባት ዛሬ ጠዋት አንዱ ተሸጧል፤ ምናልባትም ገዢው ወንድም አለው።

የምለምነው ካሳ አይደለም። በካርቶኑ ጎን ፯፻፲፬ የሚል ቁጥር ያለባቸውን ድንጋዮች በሙሉ ከየሱቁ ይሰብስቡ። እስኪሰበስቡ ድረስ በየጠዋቱ ሱቁ ደጃፍ መዶሻዬን ይዤ እቆማለሁ፤ የገዛ ሰው ሁሉ ሳያንኳኳ እንዳይሄድ እለምነዋለሁ። ባለሱቁ እስካሁን ሁለት ጊዜ ገፍትሮኛል፤ አንድ ጊዜም ከንፈሬን ሰንጥቆታል። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። በራችን ላይ የነበረችውን ኤሊ፣ ድንጋዩ ሲፈነዳ ጋሼ ይዞት በነበረው በዚያው ቢላዋ ፍቄ ጨርሻታለሁ። አባቴ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ደራርቦት ስለነበር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ላለፈው ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ፋብሪካዎ ከስሙ በፊት እንዳይሞት እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ልክ እንደ ማንቆርቆሪያዎ እጀታ የጸና መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ቀድሞ የእርስዎ ደንበኛ፣
ቢላዋና መቀስ ሳዩ

ማሳሰቢያ፦ ከመልስዎ ጋር በስጦታ የላኩልን አዲስ ድንጋይ ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። ጋሼ ጭንቅላቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ በገመድ አንጠልጥሎ አንኳኳውና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «ይሄም እንጨት ነው» አለ። ስለዚህ ድንጋዩን ከገመዱ ጋር መልሼ ልኬልዎታለሁ። ከሞተር ላይ ገጥመው፣ እኛ እንደምናደርገው ፊትዎን አስጠግተው ያዙሩት። ከዚያ በፊት ማንኳኳት ቢያሳፍርዎት ግን አይጨነቁ፤ እኛንም አሳፍሮን ነበር።