ጌዴራ ያልደረሰው መልእክት

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ለማንም የማልነግረው እፍረት አለብኝ፤ እዚህ ግን ልጻፈው። ዛሬ በስልክ መርዶ ከማርዳት ለጥቂት ተረፍኩ።

እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ይኖሩ የነበሩት አባ ብርሃኑ ጠዋት ዐረፉ። ሌላ ከተማ፣ ጌዴራ ያሉት እህታቸው እማማ ወርቄ ገና አልሰሙም። ሽማግሌዎቹ ነገ በማለዳ ቤታቸው ሄደው ሊያረዷቸው ተስማምተዋል። እኔም ከዚያ በኋላ ለመጽሔታችን አንባቢዎች በስልክ የሚላከውን የቀብር ማስታወቂያ እዚህ ያቭነ ቤቴ ቁጭ ብዬ አዘጋጀሁ።

መልእክቱን የሚልከው የእህቴ ልጅ ኦሪት ሩቢ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችልኝ ፕሮግራም ነው። ሁለት የቅንብር ፋይሎች አሉት። የሙከራው ለእኔና ለእሷ ስልክ ብቻ ይልካል፤ የእውነቱ ደግሞ ለአንባቢ ሁሉ፣ ለእማማ ወርቄም ጭምር። እስኪ ልሞክረው ብዬ ትእዛዙን ጽፌ ተጫንኩ። «ተልኳል» አለኝ። በየትኛው ፋይል እንደላከው ግን አላወቅሁም። ወዲያው ለኦሪት ሥራ ቦታዋ ደወልኩላት።

«ኦሪትዬ፣ እማማ ወርቄ ጋ ደረሰ ወይ?»

«ዶዳ፣ አክስቴ፣ ተረጋጊ። ከትእዛዙ በፊት ‹እውነት› ብለሽ ጽፈሻል?»

«ኧረ ምንም አልጻፍኩም።»

«ቤሰደር፣ እሺ በቃ። ምንም ካልነገርሽው የሙከራውን ነው የሚጠቀመው። እንዲህ ያደረግሁት አንቺን ስለማውቅሽ ነው።»

ስድቧን እንደ ማር ዋጥኩት። የጮኸው የእኔና የእሷ ስልክ ብቻ ነበር። እማማ ወርቄ ዛሬን በሰላም ይዋሉ።

ነገ ሽማግሌዎቹ ከጌዴራ ደውለው «አርድተናል» እስኪሉኝ ድረስ ኮምፒውተሩን አልነካም። እማማ ወርቄ እንዴት እንደሆኑ፣ እኔም ‹እውነት› ብዬ ጽፌ ማስታወቂያውን እንዴት እንደላክሁ ነገ ማታ እዚሁ እጽፈዋለሁ።