ስለ አራተኛው ማኅተም የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሐኪም፣ ለዶክተር ካቱሙራ፤

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ዛሬ ለእርስዎ ልንገርዎ። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ሕንፃ፣ ካንሰር ለያዘው ልጄ ለሹንፔይ የሚሰጠው መድኃኒት ከወትሮው እጥፍ መሆኑን እያየሁ፣ ነርሷን ማሳፈር ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። ልጄ ዳነ፤ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም።

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ ቀለም የደመቀ ይሁንልኝ እያልኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ማክሰኞ፣ በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል በበጎ ፈቃድ ለአራት ዓመቷ ሆኖካ ተረት ሳነብላት፣ ወጣቷ ነርስ ሚናሴ መርፌ ይዛ መጣች። መድኃኒቱ የሚለካው በክብደት ነው፤ ወረቀቱም ሆኖካ አርባ አንድ ኪሎ ናት ይላል። «የኔ ልጅ፣ አርባ አንድ ኪሎ የምመዝነው እኔ ነኝ። መርፌው ለእኔ ነው እንዴ?» አልኳት። ሆኖካም «አዎ፣ እሷን ውጊያት!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። ስትመዘን አሥራ አራት ኪሎ ሆነች፤ 14 ተገልብጦ 41 ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። «መጠኑ ተረጋግጧል» ለማለት ወረቀቱ ላይ ያረፉት ሦስት ማኅተሞች ግን እጅግ ያማሩ ነበሩ።

፪. ሚናሴ «እማማ፣ አለቃዬ ካተሙ በኋላ እኔ ማን ነኝና ልጠራጠር?» አለችኝ። ስላስተማሯት ትሕትና ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከሦስቱ አታሚዎች ሁለተኛዋ ደግሞ አለቃዋን ላለማስጠበቅ ብላ የቀኑን ወረቀት ሁሉ ጠዋት ገና ምንም ሳይጻፍበት በባዶው አትማ እንደምትጨርስ ሰምቼ፣ በቅልጥፍናዋ ተደንቄያለሁ።

፫. በሦስተኛው ቀን አራተኛ ማኅተም እንዲጨመር አዘዙ፤ «መድኃኒት በሚሰጥበት ጊዜ ጠያቂዎች እንዳይናገሩ» የሚል ማስታወቂያም በሩ ላይ አስለጠፉ። ማኅተም አያነብም፣ እናት ግን ታነባለችና፣ እናቶችን ዝም ማሰኘትዎ ለማኅተሞቹ ክብር ተገቢ ነው።

እኔ ግን ዝምታን አንድ ጊዜ ሞክሬው ስላልበጀኝ፣ ማስታወቂያው እስኪነሣ ድረስ የየሕፃኑን ክብደት ጮክ ብዬ ማንበቤን እቀጥላለሁ። ሊያባርሩኝ ከወደዱ፣ በስንብት ወረቀቴ ላይ አራቱንም ማኅተሞች እንዲያሳርፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
አርባ አንድ ኪሎዋ አንባቢ፣ ቶኪኤ ኒሺዋኪ

ማስታወሻ፦ የዚህ ደብዳቤ ቅጂ ለከተማችን ጋዜጣ፣ በክፍሉ ስምንት አልጋዎች ለተኙት ሕፃናት እናቶችና ለነርስ ሚናሴ ይደርሳል። የመጀመሪያው ቅጂ ግን የእርስዎ አይደለም፤ ጆሮዬን የወሰደው ትኩሳት ነው ብሎ እስከ ዛሬ ለሚያምነው ለልጄ ለሹንፔይ ነው።