የቅሬው ሣጥንና የዘሊካ ጆሮ

ቢስጢማ ላለችው እህቴ ለመዲና፣ ከወንድሟ ከዳውድ ይድረስ።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ክረምት ሲገባ የሚነሳብሽ ወገብሽስ? ባልሽ ሁዘይፋ እንዴት ነው? ዓይኑ ተሻለው ወይስ እንደ ድሮው ከብቱን በድምፅ ነው የሚለየው? ልጅሽ ሙስዐብ፣ ሚስቱ ዛሂራ፣ ልጆቻቸው፣ ጥጆቹ፣ ጎተራውም ሳይቀር ደህና ነው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ጥርሴ አልቋል፤ ድምፄ ግን እንዳለ ነው። ከሰል ለመሸጥ ስጣራ ከሳጃና ሰፈር እስከ ዴም ሰፈር ይሰማል ይላሉ።

ይህን የሚያነብልሽ ሙስዐብ መሆን አለበት። ሙስዐብ፣ ሳትዘል አንብብላት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህን ንገራት፦ የሞተ የለም። ልጅሽ ዘሊካ በሕይወት አለች። ይህ ሲጻፍ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እኛ መርዶ በወረቀት የምንልክ ቤተሰብ አይደለንም። ስለዚህ ጎረቤት አይጠራ፣ ማንም ደረቱን አይምታ። እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ጸሐፊዬ ጸጋዬ ነው፤ ልብስ ሰፊው፣ የድሮ ወታደር። «ቀስ ብለህ ግባ፣ እናት ናት» ይለኛል። እኔ ቀስ ብሎ መግባት አላውቅም። አንቺም ታውቂያለሽ።

ውሸቴን ላስቀድም። ሦስት ጊዜ «ልጄን ስልክ ላይ አቅርብልኝ፣ ድምፅዋን ልስማው» ብለሽ ላክሽብኝ። ሦስቱንም ጊዜ መስመር ተበላሽቷል፣ ሥራ በዝቶባታል እያልኩ መለስኩሽ። መስመሩ ደህና ነበር። የተበላሸው የዘሊካ ጆሮ ነው። ልጅሽ አትሰማም። በግራም በቀኝም አትሰማም። ይኸው ወጣልኝ።

ከመጋቢት ጀምሮ እዚህ ካርቱም ማጅራት ገትር ገባ። እነሱ ሰሓኢ ይሉታል። ጠዋት ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ሲመሽ አንገቱ እንደ እንጨት ይደርቃል። ሱዳን መቼም ሰላምታ የሚያሳጥር ሕዝብ አልነበረም፤ ያን ሰሞን ግን ሰው ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያልፍ ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ ያስነጠሰ ከነሻንጣው ይወርዳል። በሽታውን ያመጡት ሐበሾች ናቸው የሚልም ነበር። ደንበኞቼ ከኔ መግዛት ተዉ። ከሰል ቢበዛ ያስነጥሳል እንጂ አንገት አያደርቅም ብላቸው ማን ይስማኝ።

ራዲዮው «የመከላከያው መርፌ በነፃ ነው» እያለ ይለፈልፋል። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ያለው ሰልፍ ግን መስጊዱን ዞሮ ይመለሳል። ዘሊካ አል-ጣኢፍ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትለቀቀው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺን ቀኗን ፀሐይ ላይ ቆማ ጨረሰች። ተራዋ ሲደርስ «ማፊ፣ ቡክራ» ይሏታል። የለም፣ ነገ ማለታቸው ነው። እሷ ነገ የሚባል ቀን አልነበራትም። በግል የሚወጋ ቦታ ነበር፣ ዋጋው የአንድ ወር ደሞዟ ነው። ሻይ የምንጠጣበት ቦታ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ «ለመድፍ ሲሆን ገንዘቡ ዛሬ ነው፤ ለመርፌ ሲሆን ኢንሻአላህ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ግራ ቀኙን አየና ሳቀ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። እንደምታውቂው እዚህም ቅሬ አለን፤ እንደ አገራችን እስላም ክርስቲያኑ በአንድነት የሚቀባበርበት። ዳኛውም የሣጥኑ ቁልፍ ያዥም እኔ ነኝ። ነበርኩ። በድርቁ ጊዜ ስንመጣ ሣጥኑ ለሁሉ ይከፈት ነበር፤ ለታመመም፣ ከሥራ ለተባረረም፣ ለወለደችም። ከዚያ የሐርቡው ከቢር ሞተ። ሣጥኑ ባዶ ነበርና ሁለት ቀን ሬሳ ቤት ተኛ፤ በሦስተኛው ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አፈር አለበሰው። መቃብሩን እስከ ዛሬ አናውቀውም። ያን ጊዜ ተነሥቼ «ከእንግዲህ የቅሬ ገንዘብ ለሬሳ ነው፣ ለበሽተኛ አይወጣም» ብዬ ሁሉንም አስማልኩ። ዐሥራ ሦስት ዓመት መሐላውን ጠበቅሁ። ከከቢር ወዲህ ከኛ ሰው ያለ ከፈንና ያለ ቀባሪ የሄደ የለም። ይህን ስናገር አላፍርም።

ሰሓኢ ሲጠና ስብሰባ ተጠራ። ሻይ ሻጯ ማዘንጊያ ተነሣች። ሴትዮዋ ምላሷ ከሻይዋ ይበልጥ ይፈጃል። «ጋሽ ዳውድ፣ ስንሞት የምትከፍልልንን ሳንሞት ክፈልልንና እንወጋበት። ሬሳ እንደሆነ መርፌ አይጠቅመው» አለች። ሰው አጨበጨበላት። እኔ «መሐላ ነው» አልኩ። «መሐላውን ያመጣኸው አንተ፣ ቁልፉን የያዝከው አንተ፤ እንግዲያው በሽታውንም አንተው ሂድና አስምለው» አለችኝ። ሳቁብኝ። ሲስቁብኝ ደግሞ ይብስብኛል፤ የአባታችን ልጅ ነኝ። ቁልፉን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ስብሰባውን ጥዬ ወጣሁ።

ከስብሰባው በዘጠነኛው ቀን ታክሲ ደጄ ቆመ። ዘሊካ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድማለች። ራሴን አመመኝ ስትላቸው አሠሪዎቿ አንዲት ቀን እንኳ አላሳደሯትም። ሾፌሩ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ አፉን በጥምጣሙ ሸፍኖ፣ ሒሳቡን ከእጄ ሳይቀበል በረረ። ፓስፖርቷን ከሳምንት በኋላ ላኩት፤ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ላስቲኩ በረኪና በረኪና ይሸታል።

ሆስፒታል ወሰድኳት። አልጋ የለም፤ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ በሽተኛው እንደ ገበያ ሽንኩርት ተደርድሯል። ሐኪሙ ለጋ ነው፣ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ደም መስሏል። «ያ ሐጅ፣ መድኃኒቱ አልቆብናል፤ ከውጭ ግዛ፣ ዛሬውኑ» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። እዚህ ሽማግሌን ሁሉ «ያ ሐጅ» ነው የሚሉት። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። አራት ወር ደሞዝ ሳይቀበል ነው የሚሠራው ሲሉኝ ተውኩት።

ኪሴ ውስጥ ያለው ለግማሹም አይበቃም። ሣጥኑ አልጋዬ ሥር ነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። መዲና፣ እዚህ ላይ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ቤት ገባሁ፣ ሣጥኑን ጎተትኩት፣ ከዚያ ተቀመጥኩበት። ለሰው ልጅ ዘግቼ ለእህቴ ልጅ ብከፍተው ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ማዘንጊያ ምን ትላለች አልኩ። የልጅቷ አንገት ሳይሆን የራሴ ስም ታየኝ። ሣጥኑን ወደ ቦታው ገፋሁና ከሰሌን በግማሽ ዋጋ ልሸጥ ወጣሁ። ማን ይግዛኝ? ቤቱ በሽተኛ አለ ተብሏል። ያ ቀን አለፈ፣ የማግሥቱም እኩሌታ አለፈ። በመጨረሻ ከሰሉን ለአንድ ነጋዴ በሩብ ዋጋ ጥዬለት መድኃኒቱን ይዤ ስደርስ ማዘንጊያ ቀድማኛለች። የዕቁብ ዕጣዋን ይዛ መጥታ አስወግታታለች። ቀና ብላም አላየችኝ። «ሣጥኑ ደህና ነው?» አለችኝ።

ዘሊካ በዐሥረኛው ቀን ነፍሷን አወቀች። ዙሪያዋን አየችና «አጎቴ፣ ሰዉ ሁሉ ለምንድነው የሚንሾካሾከው?» አለችኝ። ማንም አልተንሾካሾከም።

ሐኪሙን በመጀመሪያው ቀን ተወግታ ቢሆን ጆሮዋ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ያ ሐጅ፣ አላህ ያውቃል» አለኝ። ይህን ሲል ግን ወደ ወረቀቱ ነው ያቀረቀረው። ያን ቀን ሣጥኑን መክፈት ነበረብኝ። ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

ቁልፉን ለማዘንጊያ ሰጠኋት። ተቀምቶ ነው የሚሉሽ ቢኖሩ አትስሚ፤ አልተቀማሁም፣ ሰጠሁ። ጸጋዬ እዚህ ላይ ሳል ይዞታል፤ አንተ የምልህን ጻፍ። ቅሬው አሁን ለመድኃኒትም ያወጣል። ዝናቡ ጣል ጣል ሲያደርግ በሽታው ሄደ፤ በሽታው ሲሄድ መርፌው መጣ። አሁን በመኪና እየዞሩ «ኑ ተወጉ» እያሉ በድምፅ ማጉያ ይለምኑናል። የመርፌው ካርድ ከሌለ ደግሞ ከአገር መውጫ አይሰጥም አሉ። ስለዚህ ዘሊካ በሽታውን ጨርሳ ተወጋች። መሳቅ ከፈለግሽ ሳቂ፤ እኛ ስቀናል።

አሁን በአንዲት ክፍል ሁለት ሆነን ተዘግተናል። መንገድ መውጣት ትፈራለች። መኪና ከኋላዋ ሲመጣ አትሰማም። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሊያፍስ ሲወጣ፣ ከሻ የሚሉት ነገር አለ፣ «ቁም» ተብሎ ያልቆመ ይመታል። እሷ ወረቀት አላት፤ ቁሚ ሲሏት ግን በምን ትወቀው? እኔ ሥራ ስውል በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። ስመለስ ባንኳኳ አትሰማኝም፤ ስለዚህ በበሩ ሥር እንጨት ሰድጄ እስክታየው ድረስ አወዛውዛለሁ። የገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እሷ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፣ የተጻፈ ታነባለች። እኔ ደግሞ ፊደል አልቆጠርኩም። ስታወራኝ እሰማለሁ፤ መልሱ አፌ ውስጥ ይቀራል። ድምፄ ከሳጃና እስከ ዴም ይሰማል አልኩሽ አይደል? ከአልጋ እስከ አልጋ አይደርስም።

የሣጥኑን ነገር ለጸጋዬ አስጽፌ ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ትራሷ ሥር ከተተችው። በሦስተኛው ቀን ሻይ አቀረበችልኝና «አጎቴ፣ ጨካኝ ነህ፤ ውሸታም ግን አይደለህም» አለችኝ። ወላሂ፣ ስድብ ሲጣፍጠኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አገርሽ ግቢ ብዬ አስጻፍኩላት። ፓስፖርቷ አለ፣ ካርዷ አለ፣ አውቶቡሱ እስከ ጠረፉ፣ እስከ ገላባት ይሄዳል። እምቢ አለች። «እማ የላከችኝ ቤቱን ቆርቆሮ እንዳለብስላት ነው፤ የማትሰማ ልጅ ምን ታደርግላታለች?» ትላለች። እናትሽ ትፈልግሻለች ብዬም አስጻፍኩ። ወረቀቱን መለሰችልኝና «ይሄ የጸጋዬ ማጽናኛ ነው፤ እማ አላለችውም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አላልሽውም። እኔ መች ነገርኩሽና።

ስለዚህ ሐሙስ ነሐሴ 20 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሐይቅ ቴሌ ተገኚ። እኛ ከዚህ እንደውላለን። አንዱን ስልክ ለሁለት እንይዘዋለን፤ የሚሰማው ጫፍ በኔ ጆሮ፣ የሚናገረው ጫፍ በሷ አፍ። ጸጋዬ ሱቅ ውስጥ በጫማ ተለማምደነዋል። ጺሜ ጉንጯን ወጋትና ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያኔ አየኋት። እሷ ታወራለች፣ አንቺ አድምጪ። አትጩሂ፤ ጩኸቱ የሚተርፈው ለኔ ነው። ስትጨርስ «ልምጣ ወይ?» ትልሻለች። መልሱን ለኔ ተናገሪ። «ነይ» ካልሽ ትከሻዋን አንዴ ጨበጥ አደርገዋለሁ፤ ተነጋግረንበታል፣ ታውቀዋለች። ሌላ ካልሽ እጄ አይንቀሳቀስም። ያላልሽውን አልልላትም። ከሷ ዘንድ የቀረኝ ውሸታም አለመሆኔ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለማንም ብዬ አላጠፋውም። ከሁዘይፋ ጋር ተመካክራችሁ፣ ልባችሁን አውቃችሁ ኑ።

ሁዘይፋን ሰላም በይልኝ፤ በኔ ቢቆጣ ይገባዋል። ሙስዐብን ስላነበበልሽ ይባረክ በይው፤ እዚህ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ከደረቀ ዛሂራ ውሃ ትስጠው። ዛሂራንና ልጆቿን ሳሚልኝ። የአባታችንን መቃብር ያጠራችሁ ጊዜ ለኔም አንድ ድንጋይ አንሡልኝ። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ኒዕማ ናት፤ ስለ ዘሊካ ብትጠይቂያት ከዚህ የተለየ አትነግርሽም፣ ሁሉን አይታለች። ማዘንጊያም ሰላም ብላሻለች። አታውቂያትም፤ ግን ልጅሽ ያለችው በሷ ነው።

ጸጋዬ «እባክሽ ነይ በያት ብለህ ለምናት» ይለኛል። እኔ ለምኜ አላውቅም፣ አሁንም አልለምንሽም። ያን ቀን ግን ከሰል አልነካም። እጄን በሳሙና አጥቤ፣ ትከሻዋ ላይ አስቀምጬ እጠብቅሻለሁ።

ወንድምሽ ዳውድ፤ ይህ ጥቁር ምልክት የአውራ ጣቴ ነው።

ካርቱም፣ ሳጃና
ሐምሌ 9 ቀን 1991 ዓ.ም.