ከኩሽናው ጥግ የተነሳው ጭድ

ጥር 6፣ ረቡዕ

ተነሳ! አልሐምዱሊላህ፣ ጭዱ ከኩሽናችን ግድግዳ ተነሳ! ደስታዬ ልክ የለውም፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም። የባሌ ወንድም ሰይድ ለላሟ ብሎ ከቦሩ ሜዳ አስጭኖ እዚያ ከከመረው ጀምሮ ስለምነው ከረምኩ። የበጋው ነፋስ እንዲህ እያፏጨ፣ ከኩሽናው ጎን ባለው ክፍል መራመድ የማይችሉት የገዛ እናቱ ተኝተው! እሱ እየሳቀ፣ «ዱዓ ተደርጎበታል እኮ፣ እሳት አይነካውም» ይለኛል።

ዛሬ መረረኝና ዱዓውን ያደረጉትን ሐጂን ራሳቸውን ሄጄ ጠራኋቸው። ክምሩን አዩና፣ «ሰይድ፣ ዱዓ አደረግኩልህ እንጂ ከምድጃ ጋር አጣብቀው አልኩህ?» አሉት። ከዘራቸውን ጥለው ጭዱን በእጃቸው መጎተት ሲጀምሩ ደነገጠ። «ኧረ አባባ፣ በአላህ ይተዉት!» እያለ ይሻማቸው ጀመር። ጎረቤቱም ተረባርቦ ወደ ጓሮው ጫፍ ወሰደው።

ሲጨርስ ሰይድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ድሮም ላነሳው አስቤ ነበር።» ውሸታም! እናቱንም አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አላላቸውም።

ስለዚህ ልደግስ ነው። እዚህ ሆጤ ሰፈር ያለ ዘመድ ጎረቤት አንድ ሳይቀር ይምጣ። እሱም ሁላችንም እየሰማን እናቱ እግር ላይ ወድቆ አውፍ በይኝ ይበላቸው። እሁድ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ።